ካርቡሬተሩ እና ወረፋው

ለሆልምቪክ የጀልባ ማኅበር አባላት፣ ለማሰሪያ ወረፋ ጠባቂዎች እና ለመላው የጠረፉ ነዋሪ፦ በማሰሪያ ቁጥር አሥራ ዘጠኝ የምትገኘው አሮጊት ሞተር ቅዳሜ ረፋድ ላይ ተነሥታ፣ ሁለት ጊዜ አስላ፣ ጥቂት ሰማያዊ ጭስ ተንፍሳ ማረፏን የምናሳውቀው በታላቅ ሐዘን ነው።

እንዲህ ያለ ማስታወቂያ በወደቡ ሰሌዳ ላይ አልተለጠፈም። ቢለጠፍ ግን የሚስቅ ሰው አይገኝም ነበር። በዚህ በስዊድን ምዕራብ ጠረፍ ሰው በመንግሥት ይቀልዳል፣ በቄሱ ይቀልዳል፣ በገዛ አማቱ ይቀልዳል፤ በጀልባ ማሰሪያ ግን አይቀልድም።

ማሰሪያ ማለት ከእንጨት መረማመጃው ጎን ያለች፣ አንዲት ጀልባ ብቻ የምትቆምባት ጠባብ ውኃ ናት። ወረፋዋ ከመርዘሙ የተነሣ ልጅ ሲወለድ መጀመሪያ ወረፋ ይያዝለታል፣ ስም የሚወጣለት ቀጥሎ ነው። ደንቧም ጥብቅ ነው። በሰኔ ከሚውለው የበጋ አጋማሽ በዓል በፊት በገዛ ሞተሩ ባሕሩ ላይ እስከቆመው ቀይ ምሰሶ ሄዶ ያልተመለሰ ጀልባ ቦታውን ለወረፋው ተረኛ ያስረክባል። ባለቤቱ ቢታመምም፣ ቢሰደድም፣ በዚያው ክረምት አባቱን ቢቀብርም ያው ነው።

በዚያው ክረምት አባቷን የቀበረችው ቱቫ ነበረች።

ቱቫ ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት፣ በማዘጋጃ ቤቱ የአካባቢ ጥበቃ ክፍል የምትሠራ ሴት ናት። አባቷ ቢርየር ሦስት ነገር ትቶላታል፤ የእንጨት ጀልባ፣ ከጀልባዋ ኋላ የምትንጠለጠል ከቱቫ በዕድሜ የምትበልጥ ሞተር፣ እና ከወደቡ ማዶ ባለች ትንሽ ደሴት ላይ አንዲት ቀይ ጎጆ። ወደ ደሴቲቱ ድልድይ የለም። የሕዝብ ጀልባም አይሄድም። ማሰሪያዋን ካጣች ጎጆዋን ከመሸጥ ወይም በመነጽር ከማየት ሌላ የሚቀራት ነገር አልነበረም።

ስለዚህ የሞተሯን ገመድ ሳበች። ሞተሯ ተነሣች። ሞተች። እንደገና ሳበች። ተነሣች፣ ሞተች።

ከመረማመጃው ራስ ላይ አንድ አግዳሚ አለ። የውሸታሞች አግዳሚ ይባላል፤ የተቀመጡበትም ስሙን አይክዱም። ያን ቀን የነበሩት ቤርቲል እና ስቱሬ ነበሩ። ሁለቱም ጡረተኞች ናቸው፣ ሁለቱም ቴርሞስ ይዘዋል።

«ካርቡሬተሩ ነው» አለ ቤርቲል፣ ለቱቫ ሳይሆን ለስቱሬ።

«ካርቡሬተሩ ነዋ» አለ ስቱሬ፣ ማዶ እንዲሰማ አድርጎ።

«ታንኩ ላይ ያለችውን የአየር ቡሽ ከፍታት ይሆን?»

«እኔ ምን አውቄ! ግን ሰው መጀመሪያ እሷን ነው የሚያየው።»

ቱቫ ጀርባዋን እንደሰጠቻቸው ቡሿን አየች። ክፍት ናት።

«ክፍት ናት ማለት ነው» አለ ቤርቲል ለስቱሬ።

በእኛ ወደብ ያልተጠየቀ ሰው አይረዳም። ስንፍና አይደለም፣ አክብሮት ነው። አንድ ሰው እየሰመጠ ቢሆን እንኳ «ውኃው ይቀዘቅዛል?» ብለን እንጠይቀዋለን እንጂ እጃችንን አንዘረጋበትም። እርዳታ መጠየቅ ደግሞ የባሰ ነው። በሆልምቪክ «እርዳኝ» ማለት «አግባኝ» ከማለት ብዙ አይርቅም፤ ጋብቻ እንኳ በፍርድ ቤት ይፈርሳል።

ቱቫ ይህን ሁሉ ታውቃለች፣ እዚሁ ነው ያደገችው። ቢሆንም ገመዱን ለቀቀችና ቀና አለች። በመረማመጃው ላይ አንድ ረጅም ሰው የቀለም ቆርቆሮ የጫነ የእጅ ጋሪ እየገፋ ያልፍ ነበር።

«ይቅርታ» አለችው። «ስለ ሞተር የምታውቀው ነገር አለ? ልትረዳኝ ትችላለህ?»

የስቱሬ ቡና ሱሪው ላይ ፈሰሰ፣ አላበሰውም።

ሰውየው ኤስኪል ይባላል። ሰው ሠራሽ ጥርስ ይሠራል። የአግዳሚው ግማሽ ጥርስ የእሱ እጅ ሥራ ስለሆነ አግዳሚው በእሱ ላይ ሲያሾፍ ልኩን ያውቃል። ጋሪውን አቁሞ ቱቫን አያት። ከዚያ ሞተሯን አያት። ከዚያ እንደገና ቱቫን። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ረዘም ያለ ነበር።

«ትንሽ» አለ።

በእኛ ዘንድ «ትንሽ» የሚል ሰው ወይ ሞተሩን ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታዋል፣ ወይ ምንም አያውቅም። በኋላ እንደታየው ኤስኪል ከሁለቱም ነበረበት።

ጀልባዋ ላይ ወርዶ ተንበረከከ። «ቾኩን፣ የአየር መዝጊያዋን፣ ስትስቢው ምን ትሆናለች?»

«ትነሣለች።»

«ስትመልሺውስ?»

«ትሞታለች።»

«እንግዲያው አየር በዝቶባታል፣ ወይም ቤንዚን አንሷታል። ማለት... አየር ሲዘጋባት ነው ነፍስ የምትዘራው።»

«አለቃዬም እንደዚያው ናት» አለች ቱቫ።

ኤስኪል ሳቀ። ጥርሱ የራሱ ነበር።

ካርቡሬተሩን ፈታው። በእጅ መዳፍ የሚያዝ፣ በዘይት የጠቆረ ዕቃ ነው። ከሥሩ ቤንዚን የሚጠራቀምባት ጽዋ አለች፤ በጽዋዋ ውስጥ ተንሳፋፊ፤ ከመሃሉ ደግሞ ቤንዚኑ የሚያልፍባት አንዲት ቀጭን የነሐስ ቀዳዳ። ቀዳዳዋን ወደ ፀሐይ አነሣት። ብርሃን አላሳለፈችም። ክረምቱን ሙሉ የቆመ ቤንዚን ማር መስሎ ደፍኗታል።

«ሽቦ ልስጥህ?»

«ሽቦ ይፍቃታል። ፀጉር ታህል ከሰፋች ልኳን ታጣለች። የዓሣ ማጥመጃ ክር አለሽ?»

ነበራት። ክሩን ቆርጦ አስገባ፣ አወጣ፣ አጠበ፣ ነፋባት። ከዚያ እንድታይ ሰጣት። ቱቫ አንድ ዓይኗን ጨፍና በቀዳዳዋ ውስጥ ተመለከተች። በወዲያኛው በኩል የኤስኪል ዓይን ነበር፤ ግራጫ፣ በጣም ቅርብ። ሁለቱም ከሚገባው በላይ ቆዩ።

«ትታያለች?» አለ።

«ትታያለች» አለች።

የምትታየው ምን እንደሆነች አልተናገሩም።

ሞተሯ ያን ቀን ተነሥታ አልጠፋችም። ቱቫ በደስታ ገመዱን ፈታች፣ ኤስኪልም ልውረድ ሳይል ጀልባዋ ሄደች። ከወደቡ አፍ ወጡ። ቀዩ ምሰሶ ሊደርሱ ሲሉ ሞተሯ ተንተባተበችና ዝም አለች።

ውኃው ላይ ድምፅ ሩቅ ይሄዳል። «ካርቡሬተሩ ነው» የሚለው ከአግዳሚው በግልጽ ደረሳቸው።

ኤስኪል ከታንኩ በሚመጣው ቱቦ መሃል ያለችውን፣ በእጅ የምትጨመቅ የጎማ እንቁላል የመሰለች ነገር ጨመቀ። ልፍስፍስ ብላለች። ደጋግሞ ጨመቃት። ቱቫ ገመዱን ሳበች፤ ሞተሯ ነፍስ ዘራች። መጭመቁን ሲያቆም ሞተሯም ልታቆም አለች። ስለዚህ አላቆመም። እሷ መሪውን ይዛ፣ እሱ ከእግሯ ሥር ተቀምጦ ጎማዋን እየጨመቀ ወደ ወደቡ ተመለሱ።

«እጅህ አልደከመም?»

«ደክሟል።»

«ልቀይርህ?»

«መሪውን ትለቂና ሁለታችንም አለቱ ላይ እንወጣለን።»

«እንግዲያው ጨምቅ» አለችው።

በመረማመጃው ላይ የነበረ ሰው ሁሉ እንዳላየ ሆኖ አያቸው።

*

ከዚያ በኋላ ኤስኪል ከሥራ ሲወጣ በአሥራ ዘጠኝ በኩል ማለፍ ጀመረ። ቤቱ በተቃራኒው አቅጣጫ ነው። ቱቫ ይህን ታውቃለች፣ ግን አልጠቀሰችውም።

ብልጭታ የሚሰጠውን ካንዴላ ቀየረ፤ ምንም ለውጥ የለም። ቱቦውን በሙሉ ቀየረ፣ «አሁን አገኘኋት» ብሎ በልበ ሙሉነት እጁን ጠረገ፤ ሞተሯ በዚያው ቅጽበት ጠፋች።

«አገኘሃት» አለች ቱቫ።

«አትሳቂብኝ።»

«እኔ የት ሳቅኩ? ሞተሯ ናት።»

የቀረፋ ዳቦ ይዛ ትመጣለች፤ በቤንዚን እጁ እንዳይነካው ቆርሳ ታቀብለዋለች። መጀመሪያ በወረቀት ላይ ታስቀምጥለት ነበር። በኋላ ወረቀቱ ተረሳ። በእኛ በጋ ፀሐይዋ እገባለሁ ትልና ሐሳቧን ትቀይራለች፤ ሥራውም እንደዚያው ሆነ፣ አንዱ ብሎን ብዙ ጊዜ ፈጀ።

አንድ ቀን ቱቫ ስለ አባቷ ነገረችው። ኤስኪል አልጠየቃትም፣ ራሷ ጀመረች።

«ይቺን ሞተር በየመከሩ ብቻውን ተሸክሞ ነበር ወደ ቤት የሚያስገባት። ልብ በሽታ እንዳለበት ለማንም አልተናገረም። ሐኪሙ 'ያምሃል ወይ?' ሲለው 'ትንሽ' ነው ያለው። እኔ የማውቀው ሲወድቅ ነው። ጎረቤቱ እኮ ግድግዳ ለግድግዳ ነው፤ አንዴ ቢያንኳኳ...» የዳቦ ፍርፋሪ ከጉልበቷ አራገፈች። «ስቀብረው ለራሴ አንድ ነገር ተናገርኩ። እኔ እጠይቃለሁ አልኩ። ሰው ቢስቅም እጠይቃለሁ።»

ኤስኪል ካቻቢቴውን በጨርቅ ይጠርግ ነበር። ንጹሕ ነው፣ ግን መጥረጉን ቀጠለ።

«ያን ቀን ስትጠሪኝ» አለ፣ «ጋሪው ውስጥ ያለው ቀለም ለጎረቤቴ ነበር። እስካሁን አላደረስኩለትም።»

ከዚህ የበለጠ የፍቅር ቃል በሆልምቪክ ወደብ የተሰማው መቼ እንደሆነ እኔ አላውቅም።

የሞተሯን በሽታ ያገኘችው ቱቫ ናት። ኤስኪል የካርቡሬተሩን ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በሁለቱ ብረቶች መካከል አየር እንዳይገባ የሚዘጋውን ስስ ሽፋን፣ በጣቱ ሲነካው እንደ ደረቅ ብስኩት ተፈረካከሰ። የቤንዚን ፓምፗን ቀጭን ጎማ አወጣት፤ እሷም ተኮማትራ ደርቃለች።

«አርጅቷላ» አለ።

«አምና እኮ ይሠራ ነበር። በአንድ ክረምት ነው ያረጀው?» ቱቫ ጎማዋን አገላብጣ አየቻት። ፊቷ ተለዋወጠ። «ኤስኪል፣ አባቴ ምን ዓይነት ቤንዚን ነበር የሚጠቀመው?»

«ከማደያ የሚቀዳውን ተራ ቤንዚን ነው እንጂ። ከዘይት ጋር ቀላቅሎ።»

«እኔ በሚያዝያ ወደ ንጹሑ ቀየርኩት። ሽታ የሌለው፣ ዓሣ የማይጎዳው ቤንዚን።» ጎማዋን አስቀመጠች። «ተራው ቤንዚን ውስጥ ያለው መርዝ ለአርባ ዓመት ይህን ጎማ አሳብጦ ይዞት ነበር። መርዙ ሲቀር ጎማው ተኮማተረ። አየር የሚገባው በዚያ ነው። ሞተሯን የገደልኳት በደግነት ነው።»

«ይሄ በራሪ ወረቀቱ ላይ የለም» አለ ኤስኪል።

«የቱ በራሪ ወረቀት?»

«በወደቡ ያደላችሁት። ወፍ ያለበት።»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለች ቱቫ፣ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና።

«ቆንጆ ወፍ ናት።»

«ዝም በል!»

«እውነቴን ነው። እና ንጹሑን ቤንዚን አትተይው። ጎማው አዲስ ከሆነ ምንም አይሆንም።» ወደ ባሕሩ ዞረ። «ጓርኒሲዮኑን እኔ ከወረቀት እቆርጠዋለሁ። የፓምፗ ጎማ ግን መመረቷ ከቀረ ቆይቷል። አንድ ቦታ አውቃለሁ። ካርቡሬተሩን ወደ ሥራ ቤቴ ልውሰደው?»

«ውሰደው» አለች፣ ሳታስብ። አምናዋለች፣ ለምን ታስባለች?

*

የማኅበሩ ሊቀመንበር ጉንብሪት ናት። ሰባ ዓመት አልፏታል፣ የመለኪያ ሜትር ከኪሷ አይለይም። በዓሉ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው በጀልባዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት እየለካች አሥራ ዘጠኝ ላይ ደረሰች።

«በበዓሉ ዋዜማ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት» አለች። «ምሰሶው ድረስ ደርሶ መልስ። ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ ጉንብሪት። ካርቡሬተሩ ሲመለስ እንሞክራታለን።»

«የት ሄዶ ነው የሚመለሰው?»

«ኤስኪል ጋ ነው።»

ጉንብሪት ሜትሯን ለቀቀችው፤ ጥርቅ ብሎ ተጠቀለለ። «ኤስኪል ጋ?»

«ምነው?»

«ምንም።» ጉንብሪት ወደ ሃያኛው ማሰሪያ አንድ እርምጃ ሄዳ ተመለሰች። «ተረኛው እሱ ስለሆነ ነው እንጂ።»

«የምን ተረኛ?»

«የወረፋው ነዋ። አንቺ ከወደቅሽ አሥራ ዘጠኝ የእሱ ናት። ጀልባውን ግቢው ውስጥ ተጎታች ላይ ጭኖ አሥራ አንድ ዓመት ጠብቋል፣ ምስኪን። እኔ ግን ምንም አላልኩሽም።»

እኛ ጋ ሰው ወረፋው የት እንደደረሰ አይጠየቅም። ደመወዝን እንደ መጠየቅ ነው፣ እንዲያውም ይብሳል። ቱቫም ጠይቃው አታውቅም። ያን ቀን ግን ጀልባዋን ጥላ በቀጥታ ወደ ኤስኪል ሥራ ቤት ሄደች።

ኤስኪል ከጂፕሰም በተሠሩ መንጋጋዎች ተከቦ ተቀምጧል። መስኮቱ ሥር፣ በጨርቅ ላይ፣ ካርቡሬተሯ ተበትኖ ተዘርግቷል።

«ተረኛው አንተ ነህ?» አለች፣ ከበሩ ሳታልፍ።

በእጁ የነበረውን መንጋጋ አስቀመጠ። «አዎ።»

«መቼ ልትነግረኝ ነበር?»

«አልጠየቅሽኝም።»

በሆልምቪክ ይህ ሙሉ መልስ ነው። ቱቫን ግን አላጠገባትም።

«ካርቡሬተሬን አስፈትተኸኝ፣ እዚህ በትነኸዋል። በዓሉ ደርሷል። ሞተሬ ካልተነሣች ቦታዬን የምትወስደው አንተ ነህ። አንተ ብትሆን ምን ትል ነበር?»

ኤስኪል አሰበበት። እውነተኛ ሰው ስለሆነ እውነቱን ተናገረ። «መጥፎ ነገር እል ነበር።»

«እሺ!»

«ግን ቱቫ፣ አንዴ አዳምጪኝ...»

«ዕቃዬን ስጠኝ።»

«ገና አልገጠምኩትም። ተንሳፋፊው...»

«ዕቃዬን ስጠኝ አልኩህ!»

ተነሣ። እያንዳንዱን ብሎን አንሥቶ በባዶ የአይስክሬም ዕቃ ውስጥ አስቀመጠ። ከመሳቢያው በወረቀት የተጠቀለለ ትንሽ ነገር አውጥቶ ከላይ ጨመረበት። ከዚያ ክዳኑን ገጥሞ ሰጣት። በሩን በኃይል ስትዘጋው ከመደርደሪያው ላይ ለጥገና የመጣው የቤርቲል የታችኛው ጥርስ ወድቆ ተሰበረ፤ ቤርቲል በዓሉን በለስላሳ ድንች ያሳለፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ቱቫ ወጥ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ ብቻዋን ቁጭ ብላ ገጣጠመችው። በወረቀቱ ውስጥ በጥንቃቄ የተቆረጡ አዳዲስ ጓርኒሲዮኖች ነበሩ፤ ከነሱም ጋር የፓምፕ ጎማ። ጎማዋ አዲስ አይደለችም፣ ዘይት ነክቷታል። ግን ለስላሳና ጤነኛ ናት። ከየት እንደመጣች አልጠየቀችም። ከእንግዲህ ለማንም ምንም ላለመጠየቅ ወስናለች። አባቷ በዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ በዚያው ወንበር ላይ፣ በዚያው ዝምታ ይቀመጥ እንደነበር ትዝ ያላት ሥራውን ከጨረሰች በኋላ ነው። ትዝታው ደስ አላላትም።

*

በዋዜማው ጠዋት ወደቡ ሙሉ ነበር። ሰው አበባ ይዟል፣ እንጆሪ ይዟል፣ በወረቀት የተጠቀለለ ዓሣ ይዟል፤ ሁሉም በአጋጣሚ ያለፈ መስሎ ቆሟል። ጉንብሪት ሰዓቷን አወለቀች። ኤስኪል ከመረማመጃው መጨረሻ እጁን ኪሱ ከቶ የባሕር ወፎችን ይመለከታል። ለምን እንደመጣ ሁሉም ያውቃል፤ ተረኛው ነው።

ቱቫ ማንንም ሳታይ ካርቡሬተሩን ሞተሯ ላይ ገጠመች። ቱቦውን ሰካች። የጎማዋን እንቁላል ጨመቀች።

ከካርቡሬተሩ ሥር ቤንዚን ተንጠባጠበ። ደግማ ጨመቀች። ፈሰሰ። በጨርቅ ጠረገችው፣ ብሎኑን አጠበቀች፣ ጨመቀች። እንደ ቧንቧ ወረደ።

«ሞልቶ እየፈሰሰ ነው» አለ ቤርቲል ለስቱሬ። ጥርስ ስለሌለው ቃሉ ለስለስ ያለ ነበር።

«ጽዋዋ መጥገቧን አላወቀችም ማለት ነው» አለ ስቱሬ።

«አምስት ደቂቃ» አለች ጉንብሪት።

ቱቫ ጽዋዋን ፈታች፣ ውስጡን አየች፣ ምን እንደምታይ አላወቀችም፣ መልሳ ገጠመችው። ፈሰሰ።

«ስማ ስቱሬ» አለ ቤርቲል፣ ድንገት በጣም ጮክ ብሎ። «የኤስኪልን ግቢ አይተሃል?»

«ምን አለበት?»

«ተጎታቹ ላይ ያለችው ጀልባ። ሞተሯ ክዳኗ ተከፍቶ ሆዷ ባዶ ነው። ፓምፗ ተፈቷል፣ ጎማዋ የለችም።»

«እንዴ! ያቺ ሞተር ከቢርየር ሞተር ጋር አንድ ዓይነት አይደለችም?»

«መንታ ናት!»

«ታዲያ ጎማዋ የት ሄደች?»

«እኔ ምን አውቄ!» ብሎ ቤርቲል ጮኸ። ማዶ ያሉት ወፎች ተነሥተው በረሩ።

ቱቫ ቀና አለች። ኤስኪል የሚያያቸው ወፎች ሄደውበታል፤ አሁን ባዶ ሰማይ ይመለከታል። ጆሮው ቀልቷል። አንድ እርምጃ እንኳ አልቀረበም። አይቀርብም፤ አልተጠየቀም። በሰው ሁሉ ፊት፣ የእሷ ውድቀት የእሱ ማሰሪያ በሚሆንበት ሰዓት፣ ሳይጠራ መጥቶ እጁን በሞተሯ ላይ የሚጭን ሰው አልነበረም። እሷም ካልጠራችው እዚያው ቆሞ አሥራ ዘጠኝ ቁጥርን ይረከባል፤ ምናልባትም ዕድሜ ልኩን ወደ ባሕር ሳይወጣባት።

ቤንዚን የነካው እጇን ሱሪዋ ላይ ጠረገች።

«ኤስኪል» አለች።

ዞረ።

«እርዳኝ።»

ጉንብሪት ሰዓቷን ማየት ረሳች። ኤስኪል መረማመጃውን በጥቂት ረጃጅም እርምጃ አልፎ ጀልባዋ ላይ ወረደ፤ ጀልባዋ ስትወዛወዝ የቱቫን ትከሻ ያዘ፣ ለቀቀ። ጽዋዋን ፈትቶ አሳያት።

«ተንሳፋፊው ተገልብጧል። ቤንዚኑን የሚዘጋው እሱ ነው።»

«ያን ቀን ልትነግረኝ የነበረው ይሄንን ነው?»

«'ተንሳፋፊው' የሚለው ድረስ ደርሼ ነበር።»

«ከዚያ እኔ ጮኽኩ።»

«ከዚያ አንቺ ጮኽሽ» አለና ካቻቢቴውን ወደ እሷ ዘረጋ። «አንቺ አዙሪው። ሞተርሽ ናት።»

አዞረችው። ገጠመችው። ጨመቀች፤ አልፈሰሰም። ገመዱን ሳበች። ሞተሯ ተነሣች። ቱቫ ቾኩን ቀስ አድርጋ መለሰችው፤ በወደቡ ላይ የሚተነፍስ ሰው አልነበረም። ሞተሯ አላሳለችም፣ አልተንተባተበችም። ድምፅዋ ወፍራምና እኩል ሆነ።

«ካርቡሬተሩ ነበር» አለ ስቱሬ።

ከወደቡ አፍ ወጡ። ኤስኪል ከእግሯ ሥር እንደ መጀመሪያው ቀን ተቀምጧል፤ እጁ ሥራ ስላጣ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦታል።

«ይቅርታ» አለች ቱቫ።

«ለየትኛው?»

«መንጋጋዎቹ ፊት ስለጮኽኩብህ።»

«እነሱ ከዚህ የባሰ ሰምተዋል።»

ቀዩን ምሰሶ ዞሩ። ደሴቲቱ ከፊታቸው መጣች፤ ጎጆዋ፣ የባንዲራው ግንድ፣ ማንም ያላጨደው ሣር።

«አንተ ጀልባህን አሁን በምን ታስነሣታለህ? ጎማህ እኔ ጋ ናት።»

«የሚሠራ ነገር አይነካም» አለ።

ሞተሯ በእነሱ ፈንታ አወራች።

«ነገ ወደ ጎጆው እሻገራለሁ» አለች፣ ዓይኗን ከውኃው ሳታነሣ። «ሣሩ ትልቅ ሆኗል። ትመጣለህ?»

«ነገ ብቻ?»

«ነገ ብቻ መቼ አልኩ?»

ኤስኪል እጁን ከጉልበቱ አንሥቶ መሪውን በያዘው እጇ ላይ አስቀመጠው። ጀልባዋ ትንሽ ወደ ግራ ሄደች፤ አለቱ ግን ሩቅ ነበር።

ጉንብሪት መረማመጃው ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። «አልፋለች» አለች፣ በደረቁ፣ እንደ ደንቡ። «አሥራ ዘጠኝ የቱቫ ናት።» ሰው በአጋጣሚ ያለፈ መስሎ መበተን ጀመረ። «አንተ ኤስኪል፣ አይዞህ። አሁንም የመጀመሪያው ነህ። የሚቀጥለው ባዶ ቦታ ያንተ ነው። ማን ያውቃል፣ ቤርቲል ሰሞኑን ያስለዋል።»

«እሰማሻለሁ!» አለ ቤርቲል።

ኤስኪል ከጀልባዋ ወጣ። «ከወረፋው አውጪኝ» አለ።

የተበተነው ሰው ቆመ።

«ምን አልክ?»

«ስሜን ሰርዢው።»

ጉንብሪት መነጽሯን አወለቀች፣ መልሳ አጠለቀች። «ኤስኪል፣ እኔ የዚህን ወረፋ መዝገብ ስረከብ ፀጉሬ ጥቁር ነበር። በሕይወት እያለ የወጣ ሰው አላውቅም። ታመሃል?»

«አልታመምኩም።»

«አገር ልትለቅ ነው?»

«አልለቅም።»

«ጀልባህን ሸጠሃል?»

«አልሸጥኩም።»

«ታዲያ ለቦርዱ ምን ብዬ ነው የምነግራቸው? አሥራ አንድ ዓመት ጠብቀህ፣ ተራህ ደርሶ፣ የመጀመሪያው ሆነህ!» ጉንብሪት ወደ ጀልባዋ ተመለከተች። ቱቫ ገመዱን በኩላቡ ላይ ታስራለች፣ ትፈታለች፣ እንደገና ታስራለች፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የምታውቀው ቋጠሮ እምቢ ብሏታል። ጉንብሪት ወደ ኤስኪል ተመለሰች። «እኔ ሊቀመንበር ነኝ፣ የመጠየቅ መብት አለኝ። ለምንድን ነው?»

«አልናገርም» አለ ኤስኪል፣ ተንበርክኮ የቱቫን ገመድ ኩላቡ ላይ እያሰረ።